ከአማት ጋር የባሕር ሽርሽር

የሐዋሳ ሰው ባሕር አያውቅም ብሎ የሚያማን ካለ፣ እኛ ባንሄድ ስማችን ሄዶልናል። የኢትዮጵያ ንግድ መርከብ ቻይና ካሠራቸው ዘጠኝ መርከቦች መካከል አንደኛዋ ነዳጅ ጫኝ «ሐዋሳ» ትባል ነበር፤ እኅቷ ደግሞ «ባሕር ዳር»። እኛ ከአቶቴ ፒያሳ በባጃጅ ስንመላለስ፣ እሷ ስማችንን ግንባሯ ላይ ጽፋ ውቅያኖስ ታቋርጥ ነበር። ወደብ የሌለው አገር ዕጣው ይኼው ነው፤ ከተማው ቁጭ ብሎ ስሙን ሽርሽር ይልካል።

ክሩዝ የሚሉት ነገር ቤታችን የገባው ግን በዚህች መርከብ ሳይሆን በቴሌግራም ነው። አሜሪካ ያለችው የባለቤቴ ታላቅ እኅት ከባሏ ጋር የሜዲትራንያንን ዳርቻ በመርከብ ልትዞር ሄደችና በየወደቡ ፎቶ ትልክልን ጀመር። ዛሬ ባርሴሎና፣ ነገ ማርሴይ፣ ከነገ ወዲያ ናፖሊ። ሌሊት እነሱ ይተኛሉ፣ መርከቧ ትሄዳለች። ሲነቁ ሌላ ጥንታዊ ከተማ በራፋቸው ላይ ቆሞ ይጠብቃቸዋል። ሻንጣ መጠቅለል የለ፣ መናኸሪያ ወረፋ የለ፣ «ሐዋሳ አንድ ሰው የቀረው!» ብሎ ጆሮ ላይ የሚጮኽ ረዳት የለ።

«እየው» አለችኝ ባለቤቴ፣ ስልኩን አፍንጫዬ ሥር ደቅና። «መርከቡ ላይ መዋኛ ገንዳ አለ።»

«ዙሪያውን ውሃ ከቧቸው ገንዳ ምን ያደርግላቸዋል?»

«አንተ መጀመሪያ ዋና ልመድና ታወራለህ።»

ይኼ ሁሉ ሲሆን አማቴ ሶፋው ላይ ነበሩ። በየዓመቱ ለታኅሣሥ ገብርኤል ሐዋሳ ይመጣሉ። ጡረታ የወጡ የባሕር ኃይል ሰው ናቸው፤ የወጣትነት ዘመናቸውን ምጽዋ ላይ ጨርሰው፣ የቀረውን ዕድሜ ስለ ምጽዋ በማውራት የሚያሳልፉ። ሐይቃችንን ከቁም ነገር አይቆጥሩትም። ገና ከመኪና ሲወርዱ «ኩሬያችሁ ደኅና ነው?» ብለው ነው የሚጠይቁት፤ ከልጆቹ ደኅንነት በፊት።

«ናፖሊ ነው ያልሽው? እስቲ አሳዪኝ» አሉ መነጽራቸውን እየፈለጉ።

አሳየቻቸው። ልጃቸው ጥቁር መነጽር አድርጋ ፒዛ ይዛ ትስቃለች። እሳቸው ልጃቸውን አላዩም። በትከሻዋ በኩል ከኋላ የሚታየውን ወደብ በሁለት ጣታቸው እየለጠጡ አሳደጉት።

«ከዚህ ነው የጫኗቸው» አሉ በመጨረሻ። «ያንን ሁሉ ወታደር።»

ልክ ናቸው። ለ1928ቱ ወረራ የጣልያን ጦር ከናፖሊ እየተሳፈረ፣ በስዊዝ ቦይ አልፎ ምጽዋ ላይ ይራገፍ ነበር። እኔም አማት ፊት ዝም ማለት ያስንቃል ብዬ፣ የአክሱም ሐውልት በዚያው መንገድ መሄዱን አነሣሁ። በ1929 ተቆራርጦ ምጽዋ ላይ መርከብ ተሳፈረ፤ ናፖሊ ወረደ። በ1997 ሲመለስ ግን በአንቶኖቭ አውሮፕላን ነው የገባው፤ መርከቡ ሳያስጠላው አልቀረም። ከተመለሰም በኋላ የመንገድ ድካሙ እስኪወጣለት ሦስት ዓመት ተጋድሞ ቆየና በ2000 ተነሥቶ ቆመ። የባለቤቴ እኅት ከክሩዙ ስትመለስ አንድ ሳምንት ተኛሁ ብላ ስታማርር ይኼንን ነግሬ አጽናንቻታለሁ።

«እኛስ?» አለች ባለቤቴ።

ባል ሆኖ ይኼንን ቃል የማይፈራ አላውቅም። «እኛስ?» ተብሎ የተጀመረ ነገር ያለ ወጪ አልቆ አያውቅም። የአውሮፕላኑን፣ የቪዛውን፣ የመርከቡን በሐሳቤ ደምሬ ሳበቃ ከመስኮት ውጭ ሐይቁ ታየኝ።

«እኛማ ሐይቁ እጃችን ላይ ነው! ከፍቅር ሐይቅ እንነሣለን፣ አሞራ ገደል እንቆማለን፣ በኃይሌ ሪዞርት በኩል አልፈን ጥቁር ውሃ እንደርሳለን። ወደብ በወደብ!»

«ታሪካዊ ናቸው?»

ጠንካራ ጥያቄ ነው። ሐዋሳ በ1950ዎቹ የተቆረቆረች ከተማ ናት፤ አማቴ ራሳቸው ይበልጧታል። ከባርሴሎና ጋር በዕድሜ አትከራከርም። ስለዚህ በሌላ በኩል ገባሁ።

«አሞራ ገደል እኮ መጀመሪያ ዓሣ የጋበዝኩሽ ቦታ ነው።»

«ሒሳቡን የከፈልኩት እኔ ነበርኩ።»

«ታዲያ ይኼ ታሪክ አይደለም?»

አማቴ ከሶፋው ላይ ሳቁ። «ኩሬ ላይ ክሩዝ!» አሉና ወደ መኝታቸው ሄዱ። በማግሥቱ ጠዋት ግን ከሁላችንም ቀድመው በር ላይ ቆመው ነበር፤ ነጭ ሸሚዝ፣ የተወለወለ ጫማ፣ ከየት እንዳወጡት የማላውቀው የመርከበኛ ቆብ። ማንም ምንም አላለም። ባለቤቴ እኔን አየችኝ፣ እኔ እሷን አየኋት፣ ሦስታችን አንድ ባጃጅ ውስጥ ገባን።

ፍቅር ሐይቅ ጠዋት ጠዋት ጥሩ ነው። ዋርካዎቹ ጥላቸውን ጥለዋል፣ ቡና የሚያፈሉት እናቶች ከሰላቸውን ያራግባሉ፣ ጉሬዛው ቅርንጫፍ ላይ ሆኖ ጅራቱን አንጠልጥሎ ከላይ ይታዘባል። ከአዲስ አበባ ለጫጉላ የመጡ ሙሽሮችም አይታጡም። እሷ እንደ ታዋቂው የመርከብ ፊልም በጀልባው አፍ ላይ እጇን ዘርግታ ትቆማለች፣ እሱ ከኋላ ይይዛታል፣ ፎቶ አንሺው «ትንሽ ወደ ኋላ! ትንሽ ወደ ኋላ!» እያለ ሊከታቸው ይደርሳል። የዚያን ፊልም መርከብ መጨረሻ ያዩ ሰዎች ስለመሆናቸው እጠራጠራለሁ።

ጀልበኛው ልጅ እኔንና ባለቤቴን ከላይ እስከ ታች ለካን። «የጫጉላ ነው የመደበኛ?»

«ልዩነቱ ምንድን ነው?»

«የጫጉላው ቀስ ይላል።» ዋጋውም ቀስ ብሎ ነው የሚወጣው። በመደበኛ ተስማማን። ከዚያ አማቴን አያቸው። «አባባ እዚህ ሆነው ይጠብቁዎታል?» ቢለኝ፣ እሳቸው መልስ ሳይሰጡት ጀልባው ውስጥ ገብተው የሕይወት አድን ጃኬቱን ማሰሪያ አንድ በአንድ እየሳቡ መፈተሽ ጀመሩ።

«ካፒቴኑ ማነው?»

«እኔ ነኝ አባባ።»

«የት ተማርክ?»

«እዚሁ። ከአባቴ።»

«መልካም። ጥልቀቱ ስንት ነው?»

«በጣም ጥልቅ ነው አባባ።»

«በጣም ስንት ሜትር ነው?»

ልጁ ወደ እኔ ዞረ። ጥልቅ የሚባለው ቦታ 22 ሜትር ገደማ መሆኑን አንብቤ ስለነበር ተናገርኩ። አማቴ ጥቂት አሰቡ። እሳቸው ያገለገሉባት መርከብ «ኢትዮጵያ» ናት። አሜሪካ የባሕር ላይ አውሮፕላኖችን እንድትንከባከብ የሠራቻትና በ1954 ለእኛ የሰጠችን፣ 95 ሜትር ገደማ የምትረዝም፣ የባሕር ኃይላችን አውራ። «እንግዲህ» አሉ፣ «እሷን አፍንጫዋን ወደ ታች አድርገን እዚህ ብንተክላት፣ ሰባ ሦስት ሜትሯ ከላይ ይቀራል ማለት ነው።» ሞተሩ ተነሣ።

ከውሃው ላይ ሐዋሳ ሌላ ከተማ ናት። ወትሮ ዳር ቆመን ሐይቁን እናያለን፤ አሁን ሐይቁ ላይ ሆነን ዳሩን እናያለን። ታቦር ተራራ ለካ ይኼን ያህል ቅርብ ነው። የገብርኤል ጉልላት ከዛፎቹ በላይ ብቅ ይላል፣ አላሙራ ከኋላ ተዘርግቷል። አንድ ሪዞርት ጋ ስንደርስ በረንዳው ላይ ማኪያቶ የሚጠጡ እንግዶች ስልካቸውን አንሥተው ቀረጹን። ለእነሱ እኛ የእይታው አካል ነን። ባለቤቴ ፀጉሯን አስተካከለች። ክሩዝ እንዲህ ከሆነ ምንም አላጣንም ብዬ ልናገር ስል ጎኔን ጎሰመችኝ።

«አባዬን ማነው ና ያለው?» አለች በሹክሹክታ።

«አንቺ አይደለሽም?»

«እኔማ አንተ መስለኸኝ!»

«እኔ ለሁለታችን ብዬ...»

«ለሁለታችን ካልክ ለምን ባጃጅ ውስጥ ዝም አልክ?»

«አባትሽን ውረዱ ልበላቸው?»

«ነፋሱ ወደ እኔ ነው የሚነፍሰው» አሉ አማቴ ከፊት ሆነው፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ።

ከዚህ በኋላ የሚሆነው ዝምታ ቤት ውስጥ ቢሆን መድኃኒት አለው። እኔ «ሰው እየጠበቀኝ ነው» ብዬ እወጣለሁ። የሚጠብቀኝ ሰው የለም፤ ድራፍት ነው የሚጠብቀኝ። እሷም የጎረቤት ቡና አላት፤ ሦስተኛው እስኪጠጣ የእኔ ነገር ታምቶ ያልቃል። ጀልባ ላይ ግን በር የለም። ክሩዝ የሚሉት ነገር ምንነት የገባኝ ያን ጊዜ ነው። እነዚያ ባልና ሚስት ከባርሴሎና ተነሥተው፣ ማርሴይና ናፖሊን ሳመው፣ ተመልሰው ባርሴሎና ይወርዳሉ። የሚደርሱበት ቦታ የለም። ገንዘብ የሚከፈለው መውጫ ለሌለው ነገር ነው። የመርከቡ ሰዎችም ይኼንን ስለሚያውቁ ሲኒማውን፣ ቲያትሩን፣ ምግብ ቤቱን፣ ገንዳውን ያበዙታል፤ የተኳረፈ ሁሉ ድራፍቱን መርከቡ ላይ እንዲያገኝ። የገንዳው ጥቅም ተገለጠልኝ።

ሐይቃችንም መውጫ የለውም። ጥቁር ውሃ ይገባበታል፣ የሚወጣ ወንዝ ግን አይታይም። እንዲህ ያለ ሐይቅ እያደር ጨውና ሶዳ ይከማችበታል፤ ጎረቤቶቹ ሻላና አብያታ የሆኑት ይኼንኑ ነው። የእኛው ግን ሳይመርር ቆይቷል፤ ቆሮሶውም አምባዛውም ይኖርበታል። አጥኚዎች እንደሚሉት በመሬት ውስጥ በስንጥቁ በኩል ማንም ሳያየው ሾልኮ የሚወጣ ውሃ አለ። ትዳር ውስጥም ድራፍቷና የጎረቤት ቡናዋ ሥራቸው ይኼው ይመስለኛል። ይኼንን ለባለቤቴ ያኔ አልነገርኳትም፤ ጊዜው አልነበረም።

አሞራ ገደል የወደብ ነገር ሁሉ አለው። ማታ መረብ ጥለው ያደሩ ዓሣ አጥማጆች ጎሕ ሲቀድ ያወጡትን ያራግፋሉ፣ ነጋዴው ይጫረታል፣ ቢላዋ ይፋጫል፣ ድስት ይጣዳል። ጉምሩኩን የያዙት አባ ኮዳዎች ናቸው፤ ራሰ በራቸውን ወደ ትከሻቸው ቀብረው በሰልፍ ይቆማሉ፣ የሚገባውን የሚወጣውን ይመረምራሉ፣ ድርሻቸው ሳይሰጣቸው ማንም አያልፍም። ጦጣዎቹ ደግሞ ፈቃድ የሌላቸው ደላሎች። ከወረድን በኋላ የዓሣ ሾርባ አዘዝን። አማቴ ግን ወጣቶቹ ጋ ሄደው ከአጥንቱ ተለይቶ የተከተፈውን ጥሬ ዓሣ በዳጣ እያጠቀሱ ይበሉ ጀመር።

«አባዬ! ጥሬውን?»

«ምጽዋ ላይ የበላነውን ብታዪ» አሉ። ከዚያ ማቆም የለም። በዛጎል ድንጋይ ስለተሠሩት የቱርክ ዘመን ቤቶች፣ ደሴቶቹን ከየብስ ስለሚያገናኘው የድንጋይ መሸጋገሪያ፣ ጃንሆይ ለባሕር ኃይል ቀን ሲመጡ በዚያ ሙቀት ሙሉ ልብስ ለብሶ በሰልፍ ስለ መቆም። ከኖርዌይ የመጡ መምህሮቻቸው ሙቀቱን መቋቋም አቅቷቸው እንዴት ይቀሉ እንደነበር። ከዚያ ወደ ደቡብ ወርደው አዱሊስ ደረሱ። የአክሱም ነገሥታት የዝሆን ጥርስ የሚልኩበት፣ በስድስተኛው መቶ ዘመን ኮስማስ የተባለ ነጋዴ መጥቶ ድንጋይ ላይ የተጻፈውን ገልብጦ የሄደበት ወደብ። «ዛሬ ሄደህ ብታየው አሸዋ ነው» አሉት አንዱን ዓሣ አጥማጅ፤ «ባሕሩም ሸሽቶታል።» ልጁ በአዘኔታ አንድ ቁራጭ ጨመረላቸው።

ስለ ወደብ ስናወራ እኛ ኢትዮጵያውያን ሁሌም እንዲህ ነን። የባለቤቴ እኅት ወደብ ስትል ፒዛ ነው የሚታያት። እኛ ወደብ ስንል ግማሹ ታሪክ፣ ግማሹ ኩርፊያ ነው። ዛሬ የቀረን ደረቅ ወደብ ነው፤ ከአዲስ አበባ ወደዚህ ስትመጡ ሞጆ ላይ ታዩታላችሁ፣ ኮንቴይነሩ ተራራ ሠርቷል፣ የሚንሳፈፍ ነገር ግን የለም። በ2017 «ጣናነሽ ፪» የተባለችው ጀልባ በትልቅ ተጎታች ተጭና ከጅቡቲ ወደ ጣና ስትጓዝ አማቴ ከቴሌቪዥን አልተነሡም ነበር። ሕዝቡ በየከተማው አስፋልት ዳር ወጥቶ መርከብ በጎማ ስታልፍ ያጨበጭባል። አቀበት በወጣች ቁጥር ያልባቸዋል፣ ቁልቁለት በወረደች ቁጥር ያማትባሉ። «ዘመኔን ሙሉ መርከብ ላይ ኖሬ ስለ ፍሬን ተጨንቄ አላውቅም» ብለው ነበር።

ወደ ጥቁር ውሃ ስንጠጋ ልጁ ሞተሩን አጠፋ። ሸምበቆው ውስጥ መጀመሪያ ጆሮ ታየ። ከዚያ ዓይን። ከዚያ ያ ሁሉ አካል ከውሃ ውስጥ እየተነፈሰ ወጣ፤ አንድ ሳይሆን ከነቤተሰቡ። ጉማሬ ሲያዛጋ ካላያችሁ በሰላም ኖራችኋል። ባለቤቴ ኩርፊያውን ረስታ ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ፣ ፊቷን ትከሻዬ ላይ ቀበረች። እነዚያ የሜዲትራንያን ሰዎች ለሻማ እራትና ለቫዮሊን ስንት ከፍለው የሚያገኙትን ጉማሬው በነፃ ሰጠኝ። ልጁን «ትንሽ ጠጋ በል» ልለው ስል አማቴ ቀደሙኝ። «አትጠጋ። ከእነሱና ከጥልቁ ውሃ መሃል አትግባ።» ልጁ በአክብሮት አያቸው። እሱም ሊለን የነበረው ይኼንኑ ነበር።

ዝም ብለን ቆየን። ውሃው ከጨለለቃ ረግረግ በኩል ቀስ ብሎ ይገባል። ጨለለቃ ራሱ ዱሮ ሐይቅ ነበረ፤ ደርቆ ነው ረግረግ የሆነው።

«መርከብዎስ ጋሼ?» አልኳቸው። ይኼንን ያህል ዓመት ስለ «ኢትዮጵያ» ሲያወሩ ሰምቼ መጨረሻዋን አልጠየቅኋቸውም ነበር።

«ምጽዋ በ1982 ተያዘች። በ1983 መንግሥት ሲወድቅ የተረፉት መርከቦች ወደ የመን ወጡ። እሷም ወጣች።»

«ከዚያስ?»

«ለብረት ሸጧት» አሉ፣ ቆባቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ እያስቀመጡ። ባለቤቴ እጇን ከክንዴ ላይ አንሥታ ሄዳ አጠገባቸው ተቀመጠች። ክሩዙ የሁለታችን መሆኑ እዚያ ላይ አበቃ። ቅርም አላለኝም።

ስንመለስ የከሰዓቱ ነፋስ ተነሣ። ሐይቁ ጠዋት የነበረው አይደለም፤ ማዕበሉ ከጎን እየመጣ በጥፊ ይመታናል፣ ሦስታችንም ራስን። ሙሽሮቹ የተሳፈሩበት ጀልባ ከሩቅ ይጮኻል። ልጁ መሪውን ይዞ ወደ ዳር ቀጥ ብሎ ሊሮጥ ሲል አማቴ ተነሡ፤ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሰማንያ ዓመት ሊሞላቸው የቀረበ ሰው አይደሉም። «ግንባሯን ለማዕበሉ ስጠው! ጎኗን አትስጠው! ቀስ!» ልጁ ታዘዘ። ጀልባዋ አደብ ገዛች። አማቴ በውሃ ርሰው፣ ቆባቸውን መልሰው አጥልቀው፣ የፋይበር ጀልባዋ አፍ ላይ ቆመው ፍቅር ሐይቅን በዓይናቸው ይፈልጋሉ። «ኩሬ» የሚለውን ቃል ከዚያ ወዲያ ከአፋቸው አልሰማሁም።

ማታ የባለቤቴ እኅት ደወለች። ባለቤቴ የጉማሬውን ፎቶ ልካላት ነበርና ባሏ «ይኼ በየትኛው ኩባንያ ነው የሚያዘው?» ብሎ እንደጠየቀ ነገረችን። እኅትየው ደግሞ የምትለው ሌላ ነው። መርከቡ ላይ በሁለተኛው ቀን ከባሏ ጋር ተኳርፈው፣ እሱ ገንዳው ዳር፣ እሷ ሲኒማ ቤት፣ ናፖሊ እስኪደርሱ አልተገናኙም። የፒዛው ፎቶ የዕርቁ ነው። ባለቤቴ ስልኩን ዘግታ ረጅም ሰዓት አየችኝ፤ እኔም ስለ ሐይቁና ስለ ስንጥቁ የማውቀውን ያን ጊዜ ነገርኳት። «ድራፍት ለመጠጣት ነው ይኼ ሁሉ ሳይንስ?» አለች።

በማግሥቱ ስንነሣ አማቴ አልጋቸው ላይ የሉም። ቤተ ክርስቲያን ፈለግናቸው፣ የሉም። ስልካቸውም ቤት ነው ያለው። በመጨረሻ አሞራ ገደል አገኘናቸው። ጀልበኞቹ ከበዋቸዋል፤ እሳቸው መሃል ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ገመድ እያሠሩ ያስፈታሉ፣ እያስፈቱ ያሠራሉ። የትናንቱ ልጅ አጠገባቸው ቆሞ የተሳሳተውን ያርማል፤ ምክትላቸው ሆኗል። ከፊታቸው ጥሬ ዓሣና ዳጣ አለ።

«አባዬ፣ እኛ እኮ ልባችን ጠፋ!»

«ምን ያጠፋዋል፣ ሥራ ላይ ነኝ» አሏት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ እስከ ጥምቀት ድረስ በየጠዋቱ ጥቁር ውሃ ደርሰው ለመመለስ ከልጁ ጋር መስማማታቸውን፣ ልጁም ለባሕር ኃይል ሰው ብሎ ጥሩ ቅናሽ እንዳደረገላቸው ነገሩኝ። ልጁ ደብተሩን ገልጦ አሳየኝ። ሒሳቡ የተጻፈው በእኔ ስም ነው፤ ጎኑ ላይ ደግሞ በቅንፍ «የጫጉላ» ይላል።